ወለድ በጨመረበት ዓመት የተከልነው ሽንኩርት

አባቴ ብድር ሊጠይቅ እኔ ወደምሠራበት ባንክ የመጣ ዕለት እንደ ማንኛውም ደንበኛ ወረፋ ይዞ ተቀመጠ። ቅርንጫፋችን ቆቦ ከተማ፣ ዋናው አስፋልት ዳር ያለች ጠባብ ቤት ናት። ጥበቃው አባቴ መሆኑን ስለሚያውቅ፣ "ልጅዎ እኮ ውስጥ ናት፣ ምን ያስጠብቅዎታል? ይግቡ" ቢለው፣ "ከእኔ ቀድሞ የመጣ ሰው አለ አይደል?" ብሎ እንቢ አለ። ጢሙን ተላጭቷል። ለንግሥ በዓል ብቻ የሚያወጣትን ጥቁር ኮት በዚያ ሙቀት ደርቧታል። ከጠረጴዛዬ ሆኜ ሳየው ሳቄም መጣ፣ አሳዘነኝም።

ተራው ሲደርስ ወደ ሥራ አስኪያጃችን ክፍል መራሁት። እኔ የብድር ባለሙያ ነኝ። ሰው ብድር ሲጠይቅ ሥራውን የማየው፣ መያዣውን የማስገምተው፣ መክፈል ይችላል አይችልም ብዬ አስተያየት የምጽፈው እኔ ነኝ። የዘመድን ጉዳይ መያዝ ግን ክልክል ነው። አባቴ ይህን ሲሰማ ቅር አላለውም።

"ደግ ነው" አለ። "ልጁ ሰጠችው እንዲሉኝ አልፈልግም።"

የፈለገው ፓምፕ ነበር። ቤታችን ሮቢት አጠገብ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው። አገሩ ሜዳ ነው። ክረምት ላይ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሳችን እየመለስን ማሽላና ጤፍ እናበቅላለን፤ ጎርፉ የቀረ ዓመት ማሳው ዝም ብሎ ይሰነጣጠቃል። ከመሬቱ ሥር ግን ውሃ አለ። አባቴ ጉድጓድ አስቆፍሮ፣ የናፍጣ ፓምፕ እየተከራየ ጥቂት ሽንኩርት መትከል ከጀመረ ሰንብቷል። የናፍጣው ወጪ ነው ያንገፈገፈው። አንድ ቀን ቆቦ ውስጥ አንድ ዕቃ ሻጭ ጋ በፀሐይ የሚሠራ ፓምፕ አየና ልቡ እዚያው ቀረ።

"ፀሐይ እንደሆነ እዚህ አገር ማንም አያስከፍለንም" ይል ነበር። "እንዲያውም ቢቀንሱልን እኛ እንከፍላለን።"

ጉዳዩ መልካም ሄደ። የመሬት ይዞታ ማረጋገጫውን መያዣ አድርጎ አቀረበ። ገማቹ ሄዶ ማሳውንም ጉድጓዱንም አየ። ሥራ አስኪያጃችን ወረቀቱን አሟልቶ ወደ ላይ ላከው። ሥራ አስኪያጃችን ከእኔ በዕድሜ ብዙም የማይበልጥ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ቅርንጫፉ እንደገና ሲከፈት፣ ወንበር እንኳ በሌለበት ቤት ውስጥ ቆሞ ደንበኛ ያስተናገደ ሰው ስለሆነ የቆቦ ሰው ይወደዋል። ለአባቴም፣ "ተስፋ አለው አባቴ፣ ትንሽ ይጠብቁ" አለው።

አባቴ ግን መጠበቅ አይሆንለትም። በጽዋ ማኅበሩ ላይ ፓምፕ ሊያስገባ መሆኑን አወራ። እናቴም የሽንኩርት ችግኝ መደብ አወጣች፤ በየዓመቱ ከምታወጣው ሰፋ አድርጋ። ሰፈሩ ሁሉ "ፓምፑ መቼ ነው?" እያለ ይጠይቀኝ ጀመር።

ያን ሰሞን ነው ነገሩ የተቀየረው። አንድ ጠዋት ደንበኛ ከመግባቱ በፊት ሥራ አስኪያጃችን ሰበሰበንና፣ ማዕከላዊ ባንኩ ገንዘብ ማጥበቁን፣ ባንኮችም በዓመቱ ውስጥ ብድራቸውን ከተወሰነ ጣሪያ በላይ ማሳደግ እንደማይችሉ ነገረን። የእኛ ባንክ ደግሞ ጣሪያው ጋ ደርሶ ነበር። አዲስ ብድር እስኪፈቀድ ይቆማል፤ ሲፈቀድም ወለዱ እንደ ድሮው አይሆንም። የገበያ ሰው ነገሩን አሳጥሮ "ባንክ ተዘጋ" አለ። እኛ ግን በራችን እንደተከፈተ ነበር፤ ተቀማጭ እንቀበላለን፣ ሐዋላ እንከፍላለን፣ ብድር ጠያቂ ሲመጣ ደግሞ "ትንሽ ይታገሡ" እንላለን።

እኔ ይህን ነገር በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። ማዕከላዊ ባንክ የባንኮች ባንክ ነው። ሰው ሲቸግረው ከባንክ እንደሚበደር፣ ባንክም ሲያጥረው ከእሱ ይበደራል። እሱ የገንዘቡን ዋጋ ከፍ ሲያደርግ ባንኮቹ ከፍ ያደርጋሉ፤ ባንኮቹ ከፍ ሲያደርጉ ተበዳሪው ይቀንሳል፤ ተበዳሪው ሲቀንስ ገበያ ላይ የሚራወጠው ብር ይቀንሳል፤ ዋጋም ይረጋጋል። ለፈተና ይህን አንድ በአንድ ጽፌ ጥሩ ውጤት አምጥቻለሁ። ሰንሰለቱ መጨረሻ ላይ የእናቴ የችግኝ መደብ ይኖራል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ቅዳሜ ከሰዓት ሚኒባስ ይዤ ሮቢት ወረድኩ። አባቴ ከጉድጓዱ አጠገብ፣ ግራሩ ጥላ ሥር ከጎረቤታችን ከሼሁ ጋር ተቀምጦ አገኘሁት። ሼሁ ማሳቸው ከእኛ ጋር ድንበርተኛ ነው። ከአባቴ በዕድሜ ይበልጣሉ፤ ልጅ ሆኜ ትኩሳት ሲይዘኝ በአህያቸው ጭነው ጤና ጣቢያ ያደረሱኝ እሳቸው ናቸው ይሉኛል። ከሁለት ክረምት በፊት ግመሎቻቸውን ሸጠው በፀሐይ የሚሠራ ፓምፕ አስገብተዋል። አባቴን እንቅልፍ የነሳው ያ ፓምፕ ይመስለኛል፤ አሻግሮ ሲያየው ነው የሚውለው።

ሰላምታው አለቀና ተቀመጥኩ።

"አባዬ፣ ብድሩ ለጊዜው ቆሟል" አልኩት።

"የእኔ ብቻ ነው የሁሉም?"

"የሁሉም።"

"ማነው ያቆመው? ያ ልጅ ነው?" ያ ልጅ የሚለው ሥራ አስኪያጃችንን ነው።

"እሱ አይደለም። አዲስ አበባ ያለው ማዕከላዊ ባንክ ነው።"

"እነሱ ደግሞ እኔን ከየት ያውቁኛል?"

"አያውቁህም።"

"ሳያውቁኝ ነው የከለከሉኝ?"

"ሳያውቁህ ነው።"

አባቴ ወደ ሼሁ ዞረ። "ይሰማሉ አንቱ?"

"እየሰማሁ ነው" አሉ ሼሁ። ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑት።

እንዲገባው ፈልጌ ነበርና ከዘይቱ ጀመርኩ። "አምና ዘይት ስንት ነበር? ዘንድሮስ? ማዳበሪያውስ? ይህ ጎማስ?" እያልኩ ከጉድጓዱ ዳር የተጠቀለለውን የውሃ ጎማ አሳየሁት። "ብር በዛ፣ ዕቃው ግን እንደ ብሩ አልበዛም። ሰው ሁሉ ተበድሮ ሲገዛ ሻጩ ዋጋ ይጨምራል። ስለዚህ ብድር ውድ ይሁን፣ ሰው ትንሽ ይረጋጋ ነው የሚሉት።"

አባቴ አሰበበት። ከዚያ፣ "እኔ እኮ ልጨምር የተነሳሁት ዕቃውን ነው። ሽንኩርት ዕቃ አይደለም?" አለ።

"ነው።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ ፓምፑን የሚሸጥልህ ሰው በየወሩ ዋጋ የሚጨምረው አንተን የመሰለ ብዙ ሰው ተበድሮ ስለሚመጣለት ነው። ባለፈው የጠየቅከውና አሁን ያለው አንድ ነው?"

አንድ እንዳልሆነ ያውቃል። ለአንድ ወር ያህል በየሳምንቱ ሄዶ ሲጠይቅ ከርሟል። እኔንም ያልኩት እውነት ቢሆንም አላረካኝም። ወለድ ሲጨምር ለይቶ አይነካም፤ ሽንኩርት የሚተክለውንም፣ ቤት ሠርቶ ዋጋ ሲወጣ ሊሸጥ የሚያስበውንም በአንድነት ነው የሚያቀዘቅዘው። ይህንንም ነገርኩት።

"እንደ ዝናብ በይኛ" አለ። "የማንንም ማሳ አይመርጥም።"

"እንደዚያ ነው።"

"ችግኙስ? ችግኙ እኮ ወለድ አያውቅም፣ ደርሷል።"

እናቴ ይህን ጊዜ ከመደቡ ተነስታ እጇን እያራገፈች መጣች። ሁሉንም ሰምታለች። አባቴን ሳይሆን ሼሁን ነው ያየችው። እሳቸውም የሷን ዓይን አይተው ይመስለኛል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እኔ ባንክ ደጅ ረግጬ አላውቅም፤ ወለድ ሐራም ነው" አሉ። "ስለ ወለዱ መውጣትና መውረድ አስተያየት የለኝም። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ። የኔ ፓምፕ ከኔ ማሳ ይበልጣል። ከቀትር በኋላ ውሃው ሞልቶ አጠፋዋለሁ። ጎማ ዘርጋና ወደዚያ እናሻግረው። ውሃው ከኔ፣ መሬቱና ችግኙ ከናንተ። ጉልበቱን እንካፈላለን፣ ምርቱንም የእኩል።"

አባቴ እሺ ለማለት ከበደው። ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። የራሴን ፓምፕ አስገባለሁ ብሎ ለማኅበርተኞቹ ሁሉ ተናግሯል። አሁን በሰው ፓምፕ ሊያጠጣ ነው።

"አስብበታለሁ" አለ።

"ምኑን ነው የምታስበው?" አለች እናቴ። "ፓምፑን ልትበላው ነው? የፈለግነው ውሃ አይደለም?"

"ዝም በይ እንጂ፣ አንድ ነገር ሳስብ…"

"አስብ። እኔ ግን ችግኙን ነገ ከነገ ወዲያ እነቅላለሁ። የት እንደምተክለው ንገረኝ።"

ሼሁ በዚህ ጊዜ ሳቃቸውን መደበቅ ተዉ። አባቴም ሳቀ። "ይሁን እንግዲህ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ እጁን ዘረጋላቸው። "አብሽር" አሉት እጁን ይዘው። በኛ አገር ይህች ቃል ሁሉ ነገር ናት፤ አይዞህ ማለትም ነው፣ ይሆናል ማለትም ነው።

የተጨማሪው ጎማ ገንዘብ ከእናቴ ዕቁብ ወጣ። ዕጣው የደረሳት ዘንድሮ ነበርና ባለ ባንክ ልጇን ቀና ብላ እያየች፣ "የኛም ባንክ አይዘጋም" አለችኝ።

ወሩ ሲያልቅ ማሳችን አረንጓዴ ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየወረድኩ አይ ነበር። ሼሁ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ውሃውን ወደኛ ይመልሱታል። አባቴ ሱሪውን ጠቅልሎ ቦዩ ውስጥ ይቆማል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ ሆነው ይጯጯኻሉ። "በቃኝ!" ይላል አባቴ። "ገና ነው፣ ጫፉ አልደረሰም!" ይላሉ ሼሁ፣ ጫፉን ከዚያ ሆነው እንዳዩት ሁሉ።

ባንክ ቤት ግን ሌላ ወሬ ነበር። ብድር የጠየቁ ሰዎች ፋይል በእኔ መደርደሪያ ላይ ተኝቷል። አንዷ የልብስ ስፌት መኪና ልትገዛ የነበረች ወጣት ናት፤ በየሳምንቱ ብቅ ብላ "አሁንስ?" ትለኝና "ገና ነው እህቴ" ስላት ሳትከፋ ትሄዳለች። አንዱ ሆቴሉ ላይ ሌላ ፎቅ ሊጨምር የነበረ ነው፤ ብረቱ ወደ ላይ እንደቆመ ቀረ። ሰውየው መጀመሪያ ተቆጣ። ኋላ ግን፣ "ልጄ፣ ወለዱ በዚህ ከሄደ ፎቁን የምሠራው ለእናንተ ነው" ብሎ ጥያቄውን ራሱ አነሳ። ተቀማጭ የሚያስገባ ሰው በሌላ በኩል በረከተ። ብሩን ፍራሽ ሥር የሚያኖር የነበረ ሰው ሁሉ ለቁጠባ የሚከፈለው መሻሻሉን ሰምቶ መጣ። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ደብተራቸውን እያገላበጡ "ለመጀመሪያ ጊዜ ባንክ ለእኔ ወገነ" ሲሉኝ ሁለታችንም ሳቅን።

ከሁሉም የማልረሳው ሽንኩርት ነጋዴዋን ነው። ከቆቦና ከዋጃ ገበሬ ሽንኩርት እየሰበሰበች ወደ ደሴና ወደ አዲስ አበባ የምታስጭን፣ ድምጿ ከመንገዱ ማዶ የሚሰማ ሴት ናት። ከእኛ ባንክ ጋር ለዓመታት ሠርታለች። ከሒሳቧ በላይ የምታወጣበት ፈቃድ ነበራት፤ በምርት ጊዜ በሱ ትገዛለች፣ ስትሸጥ ትመልሳለች። ፈቃዷን ልታሳድስ መጥታ አዲሱን ወለድ ሳሳያት ወረቀቱን ወደኔ መለሰችው።

"ይህን ከፍዬ ሽንኩርት መጋዘን አላስቀምጥም" አለች። "እስካሁን ዋጋ እስኪወጣ ሁለት ሦስት ሳምንት እይዝ ነበር። ከእንግዲህ ዛሬ ገዝቼ ዛሬ ነው የምጭን። ግማሹን ያህል ብገዛ ነው።"

"ሌሎቹስ ነጋዴዎች?" አልኳት።

"ሌሎቹማ ከኔ የባሱ ናቸው።"

የአባቴና የሼሁ ሽንኩርት ሊደርስ ሳምንታት ነው የቀሩት። ያን ሁሉ ጊዜ አባቴ ብድር ስለመከልከሉ ብቻ ነበር የማስበው፤ ገዢውም በብድር እንደሚገዛ አውቅ ነበር፣ ግን ሁለቱን አንድ ላይ አድርጌ አላየሁትም ነበር።

የፈራሁት ደረሰ። ሽንኩርቱ አምሮ ወጣ፤ ቀይ፣ ጠንካራ፣ እጅ ሙሉ። ዋጋው ግን አላማረም። ደላሎች እየመጡ ማሳው ዳር ቆመው የሚጠሩት ዋጋ አባቴን አስቆጣው። "ለችግኙ ድካም እንኳ አይሆንም!" ብሎ መለሳቸው። አንድ ሁለት ቀን ሽንኩርቱ ተነቅሎ ጥላ ሥር ተከምሮ ቆየ። ሰማዩ ደግሞ ያለ ጊዜው መጥቆር ጀመረ። ዝናብ ካገኘው ይበሰብሳል።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁላችንም ክምሩ ዙሪያ ተቀመጥን። የሼሁ ባለቤትም መጥተው ነበር፤ እኔ እሜቴ የምላቸው፣ ትንሽ የሚናገሩ፣ ሲናገሩም ነገሩ ያለቀ የሚያደርጉ ሴት ናቸው።

"ሁሉን ለአንድ ሰው ለመሸጥ ነው እንዲህ ያስጨነቃችሁ" አሉ። "ከፍሉት። ከፊሉን እኛ ሴቶቹ ዋጃና ቆቦ ገበያ በችርቻሮ እንሸጣለን። ከፊሉን ወደ አፋር የሚወርዱ ግመል ነጂዎች ይወስዱታል፤ የወንድሜ ልጅ ያውቃቸዋል። የቀረውን ብቻ ለነጋዴ ስጡ።"

"ነጋዴዋን እኔ አመጣታለሁ" አልኩ።

እንዳልኩትም ሰኞ ዕለት ለነጋዴዋ ስልክ ደወልኩላት። የባንኩ ሳይሆን የአባቴ ጉዳይ መሆኑን አስቀድሜ ነገርኳት። ከሰዓት በባጃጅ መጥታ ክምሩን አገላብጣ አየች፤ አንዱን ሰንጥቃ አሸተተችው።

"ሽንኩርቱ ጥሩ ነው። ችግሩ እኔ ጋ ነው" አለች። "በእጄ ያለው ብር ይህን ሁሉ አይገዛም። ተበድሬ ልገዛ ደግሞ ትርፉን ወለዱ ይወስደዋል። ከተስማማችሁ ግማሹን አሁን እከፍላለሁ፣ ግማሹን ጭኜ እንደሸጥኩ። እንዲህ ከሆነ ከደላሎቹ የተሻለ ዋጋ እሰጣለሁ፤ ለባንክ የምከፍለውን ለእናንተ ከፈልኩት ማለት ነው።"

አባቴ ሼሁን አየ። ሼሁ ወደ ነጋዴዋ ዞረው፣ "የማን ልጅ ነሽ?" አሏት። ነገረቻቸው። አባቷን ያውቋቸው ኖሯል፤ ከሳቸው ጋር አብረው ግመል ነድተዋል።

"በቃ" አሉ። "ምስክራችን አላህ ነው።"

"ምስክራችን እግዜር ነው" አለ አባቴም።

ያን ሳምንት ሁላችንም ሽንኩርት ሸተትን። እናቴና እሜቴ አንድ ጆንያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ዋጃ ገበያ ላይ ሲሸጡ አየኋቸው፤ አንዷ ነጠላዋን፣ ሌላዋ ሻርፗን ለፀሐዩ ተከናንበው፣ ገዢ ሲያጡ እየተጨዋወቱ። የግመል ነጂዎቹ የድርሻቸውን ጭነው ወረዱ። ነጋዴዋ ቀሪውን ግማሽ ባለችው ቀን አመጣች፤ እንዲያውም ለእናቴ አንድ ሻሽ ጨምራ።

ትርፉ ትልቅ አልነበረም። ግን ትርፍ ነበር፤ ሼሁና አባቴ ተካፍለው ለሁለቱም የሚበቃ። ማታ እራት ላይ አባቴ ለብቻው እንደሚያወራ ሰው፣ "ያን ጊዜ ብድሩ ተሰጥቶኝ ቢሆን ኖሮ እኮ ማሳውን ሁሉ ሽንኩርት አደርገው ነበር" አለ። "ዋጋው ደግሞ ይህ ነበር። የብድሩ ክፍያም ይደርስብኝ ነበር።"

"አዎ" አልኩት።

"ቢሆንም ደስ አይልም ሲከለክሉህ።"

"አይልም።"

"የሆነ ሆኖ…" አለና እንጀራውን ቆረሰ። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም፤ ፊቱ ግን የጠገበ ሰው ፊት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ቀስ ብለው ነገሩን አቀለሉት። ዘይት አልረከሰም፤ ወደ ድሮ ቦታው የተመለሰ ዋጋ አላየሁም። ግን በየሳምንቱ መዝለሉን ቀነሰ። እናቴ ከገበያ ስትመለስ "ዛሬም ያው ነው" ማለት ጀመረች፤ "ያው ነው" በኛ ቤት የምሥራች ሆነ። ፓምፕ ሻጩ ደግሞ ገዢ ጠፍቶበት ራሱ አባቴን መንገድ ላይ አስቆመውና፣ "ጋሼ፣ ይምጡ እንጂ፣ እንነጋገራለን" አለው። አባቴ ይህን ሲነግረኝ ደረቱን ነፍቶ ነበር። ቀድሞ ለማስቀነስ ሲለምን የኖረው እሱ ነው።

አንድ ጠዋት ሥራ አስኪያጃችን ወደ ጠረጴዛዬ መጥቶ፣ "የብድር ጣሪያው ትንሽ ላላ ብሏል፤ ትንንሾቹን ማስተናገድ እንችላለን። አባትሽ አሁንም ይፈልጋሉ?" አለኝ። ከዚያ፣ "ወለዱ ግን የድሮው አይደለም፤ አስቀድመሽ ንገሪያቸው" አለ። የስፌት መኪናዋን ልጅ የዚያኑ ዕለት ደውዬ ጠራኋት። ቢሮ ውስጥ እልል ልትል ስትል አፏን ይዛ ቀረች።

አባቴ ብቻውን አልመጣም። ሼሁን ይዞ መጣ። ደጅ ረግጬ አላውቅም ያሉት ሼሁ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው የባንካችንን መስተዋት በር ከፍተው ገቡ። ያመጣቸው ከወለድ ነፃ የሚባለው አገልግሎት ነው። አባቴ ከግድግዳችን ላይ አንብቦ ነግሯቸዋል። ሁለቱም በጋራ አንድ ተጨማሪ ፓምፕ አስገብተው ድንበሩ ላይ ሊተክሉት ተስማምተዋል፤ የአባቴን ጉድጓድ አጥልቀው።

የዘመድ ጉዳይ ስለሆነ እኔ ከጎን ቆሜ ሥራ አስኪያጃችን ነው ያስረዳቸው።

"ፓምፑን መጀመሪያ የሚገዛው ማነው?" አሉ ሼሁ።

"ባንኩ ነው። ገዝቶ የራሱ ካደረገው በኋላ፣ ትርፉን በግልጽ ነግሮ ለእናንተ ይሸጣል። እናንተ በየምርቱ ትከፍላላችሁ።"

"ነገ ያ የአዲስ አበባው የወለድ ተመን ቢወጣስ?"

"የእናንተ ዋጋ አይጨምርም።"

"ቢወርድስ?" አለ አባቴ ቶሎ ብሎ።

"ያኔም አይቀንስም አባቴ።"

አባቴ ቅር ሊለው ሲል ሼሁ ትከሻውን መታ አደረጉት። "ቁርጡን ማወቅ ይሻላል" አሉ። ከዚያ ወደ ሥራ አስኪያጃችን ዞረው፣ "እውነቱን ንገረኝ ልጄ፤ ትርፋችሁን ስትቆርጡ ያንን ተመን አታዩም?" አሉት።

"እናያለን" አለ ሥራ አስኪያጃችን ሳያመነታ። "ገንዘብ በተወደደበት ጊዜ ትርፉም ከፍ ይላል። አልዋሽዎትም።"

ሼሁ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይህን ስላልደበቅከኝ እፈርማለሁ" አሉ። ዋጋውን ሁለቱ ሽማግሌዎች ጥግ ይዘው ተመካከሩበት። መጀመሪያ ያሰቡትን ትልቁን ፓምፕ ትተው አነስ ያለውን መረጡ። ከሽንኩርቱ የተረፋቸውን ቅድሚያ ከፈሉና የቀረውን ብቻ በባንኩ በኩል አደረጉት።

ፓምፑ የተተከለ ሰሞን ሥራ አስኪያጃችን ዕቃው በትክክል ሥራ ላይ መዋሉን ሊያይ በባጃጅ ሮቢት ወረደ። እኔም አብሬው ነበርኩ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ውሃው ከጎማው አፍ ወደ ቦዩ እየተንዶለዶለ ይወርዳል። የአባቴ ማሳ ግማሹ ሽንኩርት፣ ግማሹ ቲማቲም ሆኗል፤ ሁሉን በአንድ ሰብል ላይ አላደረገም። አባቴና ሼሁ ጠዋት ውሃው ወደማን ቀድሞ ይሂድ በሚል ተጨቃጭቀው ኖሮ፣ እንግዳው ሲመጣ ሁለቱም ለእሱ ሊከሱ ተሽቀዳደሙ።

"አንድ ቀን ለእሳቸው፣ አንድ ቀን ለእኔ ተባብለን፣ እሳቸው ጁምዓ ቀን ይዝለለኝ ይላሉ!" አለ አባቴ።

"እሱስ? ለየበዓሉ ማሳ አልወርድም ይላል። የነሱ በዓል ደግሞ አያልቅም!"

ሥራ አስኪያጃችን ከት ብሎ ሳቀ። ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ፓምፑን አየ፣ ፎቶ አነሳ። ሊሄድ ሲል እናቴ ቲማቲም የሞላ ፌስታል ይዛ ከኋላው ደረሰች።

"እናቴ፣ ከደንበኛ ስጦታ መቀበል በደንቡ አይፈቀድልንም" አላት ወደ ኋላ እያፈገፈገ።

"ደንቡ እዚያው ባንክ ይቆይህ። ይህ ሮቢት ነው።"

"እውነቴን ነው እናቴ፣ ከሥራ ያባርሩኛል።"

እናቴ እኔን አየችኝ። እውነት መሆኑን በራሴ ነቀነቅኩላት። ትንሽ አሰበችና፣ "እንግዲያው ግዛኝ" አለችው። የገበያውን ዋጋ ጠራች፤ እሱም ሳይከራከር ከኪሱ አውጥቶ ከፈላት። ፌስታሉን ካስረከበችው በኋላ ደግሞ ጎንበስ ብላ ሁለት ትልልቅ ቲማቲም ከላይ ጨመረችበት።

"ይህ ምራቂ ነው" አለችው። "ማንም ነጋዴ ይመርቃል።"

ሥራ አስኪያጃችን ወደኔ ዞሮ፣ "ስለ ምራቂ ደንቡ ምን ይላል?" አለኝ።

"ምንም አይልም" አልኩት። ባጃጁ ተነሳ፤ አቧራው ከኋላችን ሲነሳ ሽማግሌዎቹ ጭቅጭቃቸውን ካቆሙበት ሲቀጥሉ ይሰማኝ ነበር።